የተሰረቀው ምርቃት

በድሮ ዘመን፣ ነገሥታት ሁሉን በጆሯቸው ብቻ በሚያዩበት ዘመን፣ አንድ ንጉሥ ነበር። ደግ ነበር፤ ግን ከሰገነቱ አይወርድም ነበር።

አንድ አዛዥም ነበር፤ ዘለቀ የሚባል። አፉ ማር ነበር፤ እጁ ግን ሥራ አያውቅም።

አንድ ሸማኔም ነበር፤ አያ ጓዴ የሚባል። እጁ አዋቂ ነበር፤ አፉ ግን ነገር አያበዛም።

አንዲት ጸሐፊም ነበረች፤ አትጠገብ የምትባል። የመሪጌታ ልጅ ስለነበረች ማንበብና መጻፍ ከአባቷ ተምራለች። ግን አፋር ነበረች። ሰው ትኩር ብሎ ሲያያት የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ትወስድ ነበር።

ልጆች፣ ይህን ተረት ከእኔ ሰምታችሁታል። አውቃለሁ። አንተ ዳግም፣ "ሰምተነዋል እኮ፣ አክስቴ!" ልትል አፍህን ከፍተሃል። ዝጋው። የሰማኸው ሙሉውን አይደለም። መሀሉ ላይ አንድ ቦታ አለ፤ እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። ዛሬ አልዘለውም። ለምን እዘለው እንደነበር ደግሞ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ፤ ድፍረቱን ካገኘሁ።

እሺ። በዚያ አገር የልብስ ሥርዓቱ እንዲህ ነበር።

ልብስ የፈለገ ሰው ፈትሉን ይዞ ወደ ሸማኔው ቤት ይሄዳል። ሸማኔው እግሩን ሸማ በሚሠራበት ጉድጓድ ውስጥ እንዳደረገ ቀና ይልና፣ "ለማን ነው? ለምን ቀን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ለሙሽራ ከሆነ ጥለቱን ሰፊና ቀይ ያደርገዋል። ለክርስትና ከሆነ ጠባብና ቢጫ ያደርገዋል። ለመገነዣ ከሆነ ደግሞ ጥለቱ እንደ ጣት የቀጠነና ጥቁር ነው።

ልብሱ ሲያልቅ ባለቤቱ ራሱ ይመጣል። እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ይለብሰውና፣ "እጅህ ይባረክ" ይላል። ሸማኔውም፣ "አሜን፤ በላይህ ይለቅ" ይላል። ሥርዓቱ ይኸው ነው። ይህ ሳይባል የሄደ ልብስ እንዳላለቀ ይቆጠር ነበር።

አንድ ቀን አዛዥ ዘለቀ ንጉሡ ፊት ቀርቦ እጅ ነሣ።

"ጃንሆይ፣ ሸማኔዎቹ በየቤታቸው ተበታትነው ጊዜ ያባክናሉ። ልብስ ሊያሠራ ከመጣው ሁሉ ጋር ወሬ ነው። 'እናትሽ ደህና ናት? ላሟ ወለደች?' ሲሉ ይውላሉ። በአንድ ቤት ይሰብሰቡ። ትእዛዙን ተቀብዬ የማደርሰው እኔ ልሁን። ያለቀውንም ልብስ እኔው ላስረክብ።"

ንጉሡም፣ "መልካም ነው" አለ።

ትልቅ የሽመና ቤት ተሠራ። ሠላሳ ጉድጓድ ተቆፈረ። ሠላሳ ሸማኔ ገባ። አያ ጓዴም የአባቱን መወርወሪያ ይዞ ገባ።

መጀመሪያ ላይ ቤቱ ሞቅ ሞቅ አለ። ኋላ ግን ድሩ ላላ። ጥለቱ ተጣመመ። ሸማኔዎቹም ጨርቄን ማቄን ሳይሉ አንድ አንድ እያሉ ይጠፉ ጀመር።

ንጉሡ አዘነ። አትጠገብን ጠርቶ፣ "ሂጂና ሸማኔዎቹን ምን ጎደለባችሁ ብለሽ ጠይቂያቸው። ያሉሽን ጽፈሽ አምጪልን" አላት።

ሄደች። ጠየቀች። ሰማች።

ክንዴ የሚባል አንድ ቀልደኛ ሸማኔ ነበረ። ሆዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣

"እመት ጸሐፊ፣ ይህን ድምፅ ሰማሽው? ከበሮ አይደለም፤ ባዶ ስለሆነ ነው! የዚህ ቤት ቀለብ ለዶሮ እንኳ ያንሳል። ዶሮስ ብትሆን ትጮህ ነበር፤ እኛ አፍረን ነው" አላት።

ሸማኔዎቹ ሁሉ ሳቁ። እሷም በነጠላዋ ጫፍ ተከልላ ሳቀች። ግን እውነት ነበር፤ ቀለቡ አንሶ ነበር። ስለዚህ በብራናዋ ላይ፣ "ቀለብ አነሰን" ብላ ጻፈች።

ንጉሡም ቀለባቸውን እጥፍ አደረገላቸው። ሸማኔዎቹ ጠገቡ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ልጆች። የራበው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እንጀራ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ከእንጀራ በኋላ ነው የሚያስበው። ድሩም ጠበቅ አለ፤ ጥለቱም ቀና አለ።

ሦስት ወር አልሞላም፤ ድሩ እንደገና ላላ። ንጉሡም አትጠገብን እንደገና ላካት።

ሄደች። ጠየቀች። ሰማች።

ክንዴ አሁን ሆዱን አልመታም። አንገቱን እያሸ፣

"እመት ጸሐፊ፣ ጉድጓዶቻችን ፊታቸው ወዴት እንደሆነ አየሽ? ወደ ግድግዳ ነው! አዛዡ ናቸው እርስ በርስ እንዳናወራ ብለው እንዲህ ያስቆፈሩት። ብርሃኑ ከኋላችን ይመጣል፤ የገዛ ጥላችን ሥራችን ላይ ይተኛበታል። በጥላዬ ላይ ነው የምሸምነው! ቀልድ ሲመጣብኝ ደግሞ የምነግረው የለኝም። ለግድግዳው ነገርኩት፤ አልሳቀም" አላት።

አትጠገብ ይህን ይዛ ስትመለስ አዛዥ ዘለቀ በር ላይ ጠበቃት።

"እስቲ ምን አሉ፣ ልጄ?"

የሰማችውን ነገረችው።

"እንዴ! ንጉሥ የሚያህል ሰው ስለ ግድግዳ ሊሰማ ነው? ጉድጓዱን ያስቆፈርኩት እኔ መሆኔን ታውቂ የለም? 'ቀለብ አነሰን' ብለሽ ጻፊ።"

"ግን... እንዲህ አላሉም።"

"ባለፈው ጊዜ አላሉም?"

"ባለፈውማ ብለዋል።"

"እንግዲያው እጅሽ ለምዶታል፤ ጻፊው።"

ልጆች፣ እዘለው የነበረው ቦታ ይህ ነው። እኔ ስነግራችሁ አትጠገብ ወዲያው ንጉሡ ፊት ሮጣ እውነቱን ትናገር ነበር። እናንተም ታጨበጭቡ ነበር። አልተናገረችም። ቀና ብላ አዛዡን ማየት አፈረች። ብራናዋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ "ቀለብ አነሰን" ብላ ጻፈች። ጽሕፈቷም ያምር ነበር። አዛዡ፣ "እንዴት ያለ ውብ እጅ ነው!" አላት። በበነጋውም አንድ ባለ ሰማያዊ ጥለት ቀሚስ አምጥቶ ሰጣት። እሷም ደስ ብሏት፣ "እጅዎ ይባረክ" አለችው።

አዛዡም፣ "አሜን" አለ።

ንጉሡ ቀለቡን ጨመረ። ክንዴ ወፈረ። ድሩ ግን እንደላላ ቀረ።

ንጉሡ ለሦስተኛ ጊዜ ላካት። ሄደች። ጠየቀች።

በዚህ ቀን ክንዴም አልቀለደም። ሠላሳ ከነበሩት ሸማኔዎች የቀሩት አሥራ ሁለት ናቸው። አያ ጓዴ ብቻ መወርወሪያውን አቆመና ወደ ቀሚሷ ተመለከተ።

"ልጄ፣ ይህን ማን ሠራልሽ?"

"አዛዥ ዘለቀ ናቸው የሰጡኝ።"

"እጅዎ ይባረክ አልሻቸው?"

"አዎ፤ አልኳቸው።"

"ምን አሉ?"

"አሜን አሉ።"

አያ ጓዴ የቀሚሷን ጥለት በሁለት ጣቱ ይዞ ትንሽ ዳበሰው።

"እዚህ ጋ ሰማያዊዋ ክር ተበጥሳብኝ ቀጥያታለሁ። እያት፤ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቋጠሮ አለች።"

አትጠገብ ጎንበስ ብላ አየች። ቋጠሮዋ ነበረች።

"ሦስት ዓመት ሸመንኩ" አለ አያ ጓዴ። "አንዱንም በሰው ጀርባ ላይ አላየሁትም። ከዚህ ይወጣል፤ ይጠፋል። ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ የምወረውር ይመስለኛል። ዛሬ አንቺ ላይ አየሁት። ያምርብሻል፣ ልጄ። በላይሽ ይለቅ።"

እሷ ምን ማለት ነበረባት? እናንተም ታውቁታላችሁ። ሁለት ቃል ብቻ ነበር። ግን የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች።

"ለንጉሡ ምን ልበልልዎ?" አለችው በቀጭን ድምፅ።

"ቀለቡ ይበቃናል፤ እግዜር ይስጥልን በይ። ለማን እንደምሠራ ይነገረኝ። የሠራሁለትን ሰው ልየው። ሌላ የምለው የለኝም።"

አዛዡ በር ላይ ነበር። መጠየቅ እንኳ አላስፈለገውም። "ጻፊ" አላት። ጻፈች። "ቀለብ አነሰን።"

ንጉሡ ይህን ሲያነብ ፊቱ ጠቆረ።

"ሦስት ጊዜ! የእነዚህ ሰዎች ሆድ ጉድጓድ ነው እንዴ? ጨመርንላቸው፤ አሁንም ጨመርንላቸው! ከእንግዲህ አንድ ጥፋት ያየን እንደሆነ ቤቱ ይዘጋል። ያጠፋውም እጅ ይቆረጣል!"

አዛዡ አንገቱን ደፋ። አትጠገብ ምሰሶ ጀርባ ቆማ የቀሚሷን ቋጠሮ በጣቷ ትነካካ ነበር። አያ ጓዴ ስንዝር መሬት የለውም፤ ልጅም የለውም። ያለው እጁ ነው። ያን እጅ ንጉሡ እንዲጠላው ያደረገው የእሷ ጽሕፈት እንደሆነ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

አወቀች፤ ግን አሁንም አልተናገረችም።

ወዲያው የንጉሡ ሴት ልጅ የሠርግ ቀን ተቆረጠ። ንጉሡ አዛዡን ጠርቶ፣ "የልጃችን የሠርግ ኩታ በዚህ አገር ያልታየ ይሁን" አለው።

አዛዡ ወደ ሽመና ቤት ሲሄድ በልቡ እንዲህ አለ፦ "ለሙሽራዋ ነው ብላቸው ሙሽራዋን እንያት ይላሉ። ሙሽራዋን ካዩ ደግሞ ምርቃቱ ለእነሱ ሊሆን ነው።" ስለዚህ ከአያ ጓዴ ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ፣

"ለታላቁ ቤት አንድ ኩታ። እስከ ዛሬ ከተሠራው ሁሉ የበለጠ ይሁን" አለው።

"ለማን ነው? ለምን ቀን ነው?" አለ አያ ጓዴ።

"ለታላቁ ቤት አልኩህ። አትጠይቅ፤ ሥራ!"

ልጆች፣ ሸማኔ ሳያውቅ መሸመን አይችልም። ካልነገሩት ይገምታል። በዚያ ሳምንት ደግሞ በታላቁ ቤት አንድ የታወቀ ወሬ ነበር፤ የንጉሡ አክስት እመት ብርቄ በጠና ታመው ነበር። ካህናቱ ጠዋት ማታ ይመላለሱ ነበር። ሠርጉ ግን ገና አልተነገረም።

አያ ጓዴ እመት ብርቄን ያውቃቸዋል። በደህናው ዘመን በገዛ እጃቸው የፈተሉትን ይዘው፣ በበቅሎ እየመጡ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው የሚያወሩት እሳቸው ነበሩ።

"ወይኔ እመት ብርቄ" አለ አያ ጓዴ። "የመጨረሻ ልብስዎን እኔ እንድሠራው ሆነ?"

በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለማን እንደሚሠራ ያወቀ መሰለው። እጁ ተመለሰለት። በጥላው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ እንባው ድሩ ላይ እንዳይወርድ በክንዱ እየጠረገ፣ ሸመነ። ክንዴም ሌሎቹም ሥራቸውን ትተው ክር አቀበሉት። ድሩ እንደ ወተት ስልባቦት ለሰለሰ። ጥለቱም ቀጭን ሆነ፤ እንደ ጣት ቀጭን፤ ጥቁር።

አዛዡ ኩታው በጨርቅ እንደተጠቀለለ ተቀበለው። ፈትቶ አላየውም። ኩታ አይቶ አያውቅም እኮ፤ ምስጋናውን ነበር የሚያየው።

ከሠርጉ ስምንት ቀን በፊት፣ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ በተሰበሰቡበት፣ ኩታው ሙሽራዋ ፊት ተፈታ።

ሙሽራዋ እጇን ዘረጋች። ጥቁሩን ጥለት አየች። እጇን ሰበሰበች።

"አባቴ" አለች፣ "ይህ መገነዣ ነው።"

 ወይዛዝርቱ አማተቡ። ንጉሡ ተነሣ።

"ማነው የሠራው?"

"አያ ጓዴ ነው፣ ጃንሆይ!" አለ አዛዡ። "ብያለሁ እኮ! ቀለቡን በልቶ እንዲህ መለሰ!"

"አምጡት። የሠራው እጅ ይቆረጥ!"

አያ ጓዴን አመጡት፤ ክንዴም ተከትሎት ገባ። ሙሽራዋንና ኩታውን ባየ ጊዜ ምን እንደሆነ ገባው።  ግን አፉ ነገር አያበዛም ብያችኋለሁ፤ እጁን ብቻ አየው።

ያን ጊዜ ከምሰሶው ጀርባ፣ "ጃንሆይ..." የሚል ድምፅ መጣ። ትንኝ ነበር የሚመስለው። ማንም አልሰማም።

"ጃንሆይ..." አለች እንደገና። አንዲት ወይዘሮ ዞር ብላ አይታ ተመለሰች።

"ጃንሆይ!" አለች በሦስተኛው። የራሷ ድምፅ ራሷን አስደነገጣት። ነጠላዋ ከእጇ ወደቀ፤ ወደ አፏ የምትወስደው ጫፍ አጣች። አሁን ሰው ሁሉ ያያታል።

"ምንድን ነው፣ ጸሐፊ?" አለ ንጉሡ።

"እጁ ከመቆረጡ በፊት... የማን እጅ እንደሆነ ይጣራ።"

"የአያ ጓዴ ነው ተባለ እኮ።"

"በዚህ ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ አዲስ ልብስ የለበሱ ይጠየቁልኝ። 'እጅህ ይባረክ' ያሉት ለማን ነው?"

ንጉሡ ወደ ወይዛዝርቱ ዞረ። "ለማን ነው?"

"ለአዛዥ ዘለቀ" አለች አንዷ።

"ለአዛዥ ዘለቀ ነው" አለች ሁለተኛዋ።

"እኛም ያልነው ለእሱ ነው" አሉ መኳንንቱ። "እሱም አሜን ይል ነበር።"

"እኔም" አለ ንጉሡ ቀስ ብሎ፣ "ይህን ካባ ስለብስ ለእሱ ነው ያልኩት።" ከዚያ ወደ አዛዡ ተመለከተ። "በአገራችን ሥርዓት የሚመረቀው የሠራው እጅ ነው። የተመረቀው ያንተ ከሆነ የሠራውም ያንተ ነው። በል እጅህን ዘርጋ።"

አዛዡ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ወተፈ።

"ጃንሆይ ይሙት! እኔ ክር ነክቼ አላውቅም! መወርወሪያውን በየት በኩል እንደሚይዙት እንኳ አላውቅም! አንድ ስንዝር አልሸመንኩም፤ ይኸው ቤቱ ሁሉ ምስክሬ ነው!"

"ታዲያ ሦስት ዓመት አሜን ስትል የነበረው በማን እጅ ነው?" አለው ንጉሡ።

አፉ ማር የነበረው ሰው እጁን ከብብቱ ሳያወጣ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

አትጠገብ አላቆመችም። አንዴ የተከፈተ አፍ እንዲህ ነው። "እኔም ዋሽቻለሁ፣ ጃንሆይ" አለች። "መጀመሪያ 'ቀለብ አነሰን' ብዬ የጻፍኩት እውነት ነው። ሁለተኛው ሐሰት ነው። ሦስተኛውም ሐሰት ነው። እነሱ ያሉት፣ ፊታችንን ከግድግዳው መልሱልን፣ ለማን እንደምንሠራ ንገሩን፣ የሠራንለትን ሰው አሳዩን ነው። የጻፈው የእኔ እጅ ነው። የሚቆረጥ እጅ ካለ የእኔም ይኸው።"

ዘረጋችው። 

 ንጉሡ ከሰገነቱ አሻግሮ አየ። የሽመና ቤቱ ጣራ እዚያው ታች ይታያል፤ ልጅ እንኳ በአንድ ትንፋሽ ሮጦ ይደርስበታል።

"ይህን ያህል ቅርብ ነበር?" አለ። "ጸሐፊ ከምልክ በእግሬ ብሄድ ይሻለኝ ነበር።"

በዚህ መካከል ከኋላ ጩኸት ተሰማ። እመት ብርቄ ናቸው፤ ከሕመማቸው ተነሥተው በሁለት ሰው ተደግፈው እየመጡ ነው። ኩታውን አዩ። ጥለቱን ዳበሱ። አያ ጓዴን አዩ።

"አንተ ጓዴ!" አሉ። "ለእኔ ነው አይደል? ቸኮልክብኝ እኮ!"

"ይቅር ይበሉኝ፣ እመቤቴ። ታመዋል ሲሉኝ ነው።"

"እንዴት ያለ ሥራ ነው! ስጡኝ፤ ሣጥኔ ውስጥ ይቀመጥልኝ። እጅህ ይባረክ። ግን 'በላይዎ ይለቅ' እንዳትለኝ፤ ገና ነኝ!"

መጀመሪያ የሳቀው ክንዴ ነው። ከዚያ ሙሽራዋ ሳቀች። ከዚያ ንጉሡም ሳቀ፤ አያ ጓዴ ብቻ አለቀሰ።

ሠርጉ በሦስት ሳምንት ተራዘመ። ሙሽራዋ የገዛ ፈትሏን ይዛ በእግሯ ወደ ሽመና ቤት ወረደች፤ ንጉሡም ከኋላዋ ወረደ። "ለማን ነው? ለምን ቀን ነው?" አላት አያ ጓዴ። "ለእኔ ነው፤ ለሠርጌ ቀን" አለችው። ጉድጓዶቹ ፊታቸው ወደ ብርሃኑ ዞሮ እንደገና ተቆፈሩ። ክንዴ ያጠራቀመውን የሦስት ዓመት ቀልድ በአንድ ሳምንት ጨረሰው። የሸሹት ሸማኔዎችም ወሬውን ሰምተው አንድ አንድ እያሉ ተመለሱ።

የአዛዥ ዘለቀ እጅ አልተቆረጠም። ንጉሡ የፈረደበት እንዲህ ነው፦ ለሦስት ዓመት ልብስ የሚለብሰውን ሰው ሁሉ በእጁ ይዞ ወደ ሸማኔው ጉድጓድ ያደርሳል። ሰውየው "እጅህ ይባረክ" ሲል አጠገቡ ይቆማል። አሜን ማለት ግን ክልክል ነው። አንዳንድ ጊዜ ከልምድ የተነሣ "አ..." ብሎ ይጀምርና ክንዴ ሲያየው "...ቤት፣ አቤት፣ የጠራኝ አለ?" ይል ነበር አሉ።

አትጠገብም ፍርድ አግኝታለች። ሸማኔዎቹ ያሉትን ቃል በቃል ጽፋ፣ በወር በወር፣ በመኳንንቱ ፊት ቆማ፣ ጮክ ብላ እንድታነብ ተፈረደባት። ለአፋር ሰው ከዚህ የሚከብድ ቅጣት ካለ እኔ አላውቅም።

መጀመሪያ ግን ወደ አያ ጓዴ ሄደች። ባለ ሰማያዊ ጥለቱን ቀሚስ ለብሳ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች። "እጅዎ ይባረክ" አለችው። አያ ጓዴም፣ "አሜን። ዘግይቶም ይደርሳል፣ ልጄ" አላት።

ተረቱ እዚህ ያልቃል። የእኔ ነገር ቀረ።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ መጀመሪያ የተቀጠርኩት አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ሠራተኛ አስተዳደር ክፍል። ሠራተኛ እየለቀቀ አስቸግሮ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጠርተውኝ፣ "ምን እንደሚያስከፋቸው ጠይቂና ሪፖርት አቅርቢ" አሉኝ። ሄድኩ፤ ጠየቅሁ፤ ሰማሁ። ደመወዝ ያሉ ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው። አለቃችን ይሰድበናል ያሉም ነበሩ። እልፍነሽ የምትባል አንዲት ሴት ግን፣ "እኔ ኮሌታ ብቻ ነው የምሰፋው። ሰባት ዓመት፣ ኮሌታ። አንድ ሙሉ ሸሚዝ ተሰፍቶ ሲያልቅ አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን አሳዩኝ" አለችኝ።

ሥራ አስኪያጁ ረቂቁን አይተው ሳቁ። "ይህ ምን ተብሎ ይጻፋል? ሁሉንም 'ደመወዝ' ብለሽ ጠቅልይው፤ የሚታወቅ ነገር ነው" አሉኝ። ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። ጻፍኩት። ሪፖርቱ ተመሰገነ፤ እኔም እድገት አገኘሁ። እልፍነሽ ግን በወሩ ለቀቀች። ይህ ከሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ለእናታችሁ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ተረቱን የምዘለው ለዚህ ነበር፤ አትጠገብን ሳይሆን ራሴን ነበር የምዘለው።

ይኸው፤ አልኩት። እንዲህ አትዩኝ።

"አሁን ሴትየዋ የት ናት?" አለ ዳግም።

"ገበያው አጠገብ የራሷ ስፌት ቤት አላት። ሙሉ ሸሚዝ ትሰፋለች።"

"ታዲያ ለምን ሄደሽ አትነግሪያትም?"

"እሄዳለሁ... አንድ ቀን።"

"አትሄጂም! በሩ ጋ ስትደርሺ ትመለሻለሽ። ነገ ከትምህርት ቤት መልስ እኔ እጅሽን ይዤ እወስድሻለሁ።"

እሺ፣ አዛዥ ዳግም። ውሰደኝ።

እንግዲህ ምክሩ ይህ ነው፣ ልጆች። የሠራተኛን ቀለቡን አታጉድሉበት፤ መጀመሪያ እሱ ነው። ግን ቀለቡን ሰጥታችሁ ምርቃቱን ብትነጥቁት ሆዱ ሞልቶ እጁ ይራባል። የሰው ልብ ምን እንደጎደለበት ለማወቅ ደግሞ በእግር ሂዱ። የሰማችሁትን ስትናገሩም እንደ እኔ አትዝለሉ።

ተረቴን ለባለቤቱ መልሱ፤ ምርቃቱንም ለሠራው እጅ አድርሱ።